ካይል ሃይንስ፦ የሙያ ሕይወቱን በባዕድ ሜዳ የገነባ አሜሪካዊ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች

ካይል ሃይንስ አሜሪካዊ የቀድሞ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2024 ድረስ በአራት የአውሮፓ አገሮች ለአምስት ክለቦች የተጫወተ ሲሆን፣ በእነዚህ 16 የውድድር ዓመታት የአውሮፓ ክለቦች ከፍተኛ ውድድር የሆነውን የዩሮሊግ ዋንጫ አራት ጊዜ አንሥቷል። የውድድሩ ምርጥ ተከላካይ ተብሎም ሦስት ጊዜ ተሸልሟል። በትውልድ አገሩ በኤን.ቢ.ኤ ግን አንድም የመደበኛ ውድድር ጨዋታ አላደረገም።

ከአሜሪካ ውጭ ሄዶ በቅርጫት ኳስ መተዳደር ለብዙዎች በአገር ቤት ያልተሳካለት ሰው የሚይዘው ሁለተኛ አማራጭ መስሎ ይታያል። የሃይንስ ታሪክ ይህን አስተያየት የሚያርም ነው። ከአንዲት ትንሽ የጣሊያን ከተማ ተነሥቶ እርከን በእርከን፣ ውል በውል ወደ ላይ በመውጣት የተሟላ የሙያ ሕይወት እንዴት እንደሚገነባ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትውልድና የዩኒቨርሲቲ ዘመን

ሃይንስ በመስከረም 1986 በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለደ። ከ2004 እስከ 2008 ድረስ በግሪንስቦሮ በሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። ግሪንስቦሮ በቅርጫት ኳስ ከሚታወቁት ታላላቅ ተቋማት ወገን አይቆጠርም። ጨዋታዎቹ በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን እምብዛም የማይታዩ፣ መልማዮችም የማያዘወትሩት ትምህርት ቤት ነበር።

በዚያ ያስመዘገበው ውጤት ግን ከትልልቆቹ ጋር የሚያሰልፈው ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ነጥብ አስቆጠረ፤ ከ1,000 በላይ ከቅርጫቱ የተመለሱ ኳሶችን ያዘ፤ ከ300 በላይ የተቃራኒ ቡድን ሙከራዎችን በእጁ አከሸፈ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ታሪክ እነዚህን ሦስት ወሰኖች አንድ ላይ የተሻገሩት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱም መካከል በኋላ በኤን.ቢ.ኤ ገናና ስም ያተረፉት ቲም ደንከን፣ ዴቪድ ሮቢንሰንና አሎንዞ ሞርኒንግ ይገኙበታል።

ልዩነቱ ቁመት ነበር። ደንከንና ሮቢንሰን ከ2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር የማያንሱ ሲሆኑ፣ በቅርጫቱ ሥር እንደ እነርሱ የሚጫወተው ሃይንስ ግን 1 ሜትር ከ98 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ቁመት ለተራ ሰው እጅግ ረጅም ቢሆንም ለመሀል ተጫዋች እንደ አጭር ይቆጠራል።

ጠባቡ በር

ኤን.ቢ.ኤ 30 ክለቦች አሉት። በየዓመቱ ድራፍት በሚባለው የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ እያንዳንዱ ክለብ በሁለት ዙር ይመርጣል፤ በ2008 በአጠቃላይ 60 ስሞች ተጠርተዋል። በአንጻሩ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ከፍተኛ እርከን የሚወዳደሩት ትምህርት ቤቶች ከ300 በላይ ናቸው። ከተጠሩት 60 ሰዎችም ብዙዎቹ ከሌሎች አገሮች የመጡ ወይም ትምህርታቸውን ያላጠናቀቁ ወጣቶች ናቸው። አራት ዓመት ተምሮ ከትንሽ ዩኒቨርሲቲ ለሚመረቅ ተጫዋች በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

የሃይንስ ስም በዚያ ምሽት አልተጠራም። እንዲህ ያለው ተጫዋች በፊቱ ሁለት መንገዶች ይቀሩታል። አንደኛው በአገር ቤት በአነስተኛ ክፍያ በታችኛው ሊግ እየተጫወተ ጥሪ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው በወኪል አማካይነት ከባሕር ማዶ ውል መፈለግ ነው። ሃይንስ ሁለተኛውን መረጠ።

ጣሊያን፦ የመጀመሪያው እርከን

በ2008 የተቀበለው ክለብ ቬሮሊ ይባላል። ቬሮሊ ከሮም በስተደቡብ ምሥራቅ በላትስዮ ክልል የምትገኝ ጥንታዊት የኮረብታ ከተማ ናት። ክለቧም የሚወዳደረው በጣሊያን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበር። በእንዲህ ዓይነት ሊግ ውስጥ አንድ ክለብ ሊያሰልፋቸው የሚችላቸው የውጭ ተጫዋቾች ቁጥር እጅግ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣው ተጫዋች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቡድኑን በትከሻው እንዲሸከም ይጠበቅበታል። ጥቂት ሳምንታት ካልተሳካለት በሌላ ይተካል።

በዚያው ዓመትና በዚያው ክልል ሌላ አሜሪካዊ ወጣት በብዙ ጋዜጠኞች ታጅቦ ደርሶ ነበር። ብራንደን ጄኒንግስ ይባላል። ኤን.ቢ.ኤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የሚመጡ ተጫዋቾችን መቀበል ስላቆመ፣ ጄኒንግስ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት ይልቅ ለሮም ክለብ ፈርሞ አንድ ዓመት በክፍያ መጫወትን መርጧል። በ2009 ምርጫ በ10ኛ ደረጃ ተጠርቶ ወደ ሚልዋኪ ሄደ፤ በመጀመሪያ የኤን.ቢ.ኤ ዓመቱም በአንድ ጨዋታ 55 ነጥብ በማስቆጠር ስሙን አስጠራ።

ለጄኒንግስ ጣሊያን መሸጋገሪያ ድልድይ ነበረች። ለሃይንስ ግን ሙያውን የተማረባት ቤት ሆነች። በቬሮሊ ሁለት ዓመት ቆየ። የአውሮፓን አጨዋወትና የአሠልጣኞቹን ጥብቅ የቡድን ሥርዓት የለመደውም እዚያ ነው።

ጀርመን፦ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዋንጫ

በ2010 ወደ ጀርመኑ ባምበርግ ክለብ ተዛወረ። ባምበርግ በባቫሪያ የምትገኝ፣ ለቅርጫት ኳስ ባላት ፍቅር የምትታወቅ ከተማ ናት። ክለቡ በዚያ ዓመት በዩሮሊግ ይሳተፍ ስለነበር፣ ሃይንስ ከአውሮፓ ታላላቅ ቡድኖች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኘ። ቡድኑ የ2011ን የጀርመን ሊግና የጀርመን ዋንጫ ሁለቱንም ወሰደ። ከሦስት ዓመት በፊት በሁለተኛ ዲቪዚዮን የጀመረው ተጫዋች የታላላቆቹን ክለቦች ዐይን ለመሳብ በቃ።

ግሪክ፦ ሁለት የአውሮፓ ዋንጫዎች

በ2011 የፈረመለት ክለብ በግሪክ የፒሬየስ ወደብ የሚገኘው ኦሎምፒያኮስ ነው። ወቅቱ የግሪክ ኢኮኖሚ በከባድ ቀውስ የተመታበት ነበር። ክለቡም በጀቱን ቀንሶ ቡድኑን በወጣቶችና ብዙ በማያስከፍሉ ተጫዋቾች መልሶ አዋቀረ። ብዙ ታዛቢዎች ይህ ቡድን ለአውሮፓ ዋንጫ ይደርሳል ብለው አልጠበቁም።

በግንቦት 2012 በኢስታንቡል በተካሄደው የዩሮሊግ ፍጻሜ ኦሎምፒያኮስ የገጠመው የሞስኮውን ሲ.ኤስ.ኬ.ኤ ነበር። በሦስተኛው ሩብ ሰዓት ሲ.ኤስ.ኬ.ኤ በ19 ነጥብ ይመራ ነበር። ኦሎምፒያኮስ ግን ልዩነቱን እያጠበበ መጣ። ጨዋታው ሊያበቃ ከአንድ ሰከንድ በታች ሲቀረው ዮርጎስ ፕሪንቴዚስ ባስቆጠራት ኳስ 62 ለ61 አሸነፈ። በዩሮሊግ የፍጻሜ ጨዋታዎች ታሪክ ከፍተኛ ስፍራ ከሚሰጣቸው ድሎች አንዱ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ላይ ተመሳሳይ ነገር ተደገመ። በግማሽ ፍጻሜው ሲ.ኤስ.ኬ.ኤን 69 ለ52 የረታው ኦሎምፒያኮስ፣ በፍጻሜው ሪያል ማድሪድን ገጠመ። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት 27 ለ10 በሆነ የማድሪድ መሪነት ቢጠናቀቅም፣ ጨዋታው ኦሎምፒያኮስ 100፣ ሪያል ማድሪድ 88 ሆኖ አለቀ። ሃይንስ በሁለት ዓመት ውስጥ የሁለት የአውሮፓ ዋንጫዎችና የአንድ የግሪክ ሊግ ባለቤት ሆነ።

ሩሲያ፦ ሰባት ዓመታት

በ2013 የወሰደው ክለብ በተከታታይ ሁለት ዓመት ያሸነፈው ሲ.ኤስ.ኬ.ኤ ነው። ክለቡ ከቀድሞው የሶቪየት ጦር ሠራዊት ስፖርት የመነጨ ሲሆን፣ በአውሮፓ ቅርጫት ኳስ ከፍተኛ በጀት ካላቸው ክለቦች አንዱ ነበር። ሃይንስ በሞስኮ ሰባት ዓመት ቆየ። በየዓመቱ ክለብ መቀያየር በተለመደበት ሙያ ይህ ረጅም ቆይታ ነው።

መጀመሪያው ቀላል አልነበረም። ሲ.ኤስ.ኬ.ኤ በየዓመቱ ወደ መጨረሻዎቹ አራት ቢደርስም በግማሽ ፍጻሜ ይሸነፍ ነበር። በ2015 ያስወጣው የሃይንስ የቀድሞ ክለብ ኦሎምፒያኮስ ነው፤ በ2017ም እንደዚሁ። በመካከሉ ግን የ2016ቱ የበርሊን ፍጻሜ መጣ። ሲ.ኤስ.ኬ.ኤ የመጀመሪያውን ግማሽ በ20 ነጥብ ልዩነት ቢመራም፣ የኢስታንቡሉ ፌነርባቼ ደርሶበት ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ተሻገረ። በመጨረሻም ሲ.ኤስ.ኬ.ኤ 101 ለ96 አሸነፈ። አራተኛው ዋንጫ በ2019 በስፔኗ ቪቶሪያ ከተማ አናዶሉ ኤፌስን 91 ለ83 በመርታት የተገኘ ነው።

በሞስኮ ቆይታው ሃይንስ በ2016ና በ2018 የዩሮሊግ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተመርጧል። ክለቡም ከ2014 እስከ 2019 የሩሲያንና የአካባቢው አገሮችን ክለቦች የሚያወዳድረውን ሊግ ስድስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። ዩሮሊግ ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ለተጫወቱት ምርጦች ባወጣው ዝርዝር ውስጥም ስሙ ሰፍሯል።

ሚላን፦ ወደ ጣሊያን መመለስ

በ2020 ሃይንስ ከ12 ዓመት በፊት ወደ ጀመረበት አገር ተመለሰ። አሁን ግን የሄደው ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አልነበረም፤ በጣሊያን ብዙ ዋንጫ ወዳነሣው የሚላን ክለብ ነው። አሠልጣኙ ኤቶሬ መሲና ሲሆን፣ በሞስኮ የመጀመሪያ ዓመቱ ያሠለጠነውም እርሱ ነበር።

ሚላን በ2021 ከ29 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የዩሮሊግ የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ገባ፤ በግማሽ ፍጻሜው በባርሴሎና የተሸነፈው በሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ለሃይንስ ይህ ዘጠነኛው የመጨረሻዎቹ አራት ተሳትፎ ነበር። በ2022 በ35 ዓመቱ ለሦስተኛ ጊዜ የዩሮሊግ ምርጥ ተከላካይ ሆነ። ከ2022 እስከ 2024 ሦስት የጣሊያን ሊግ ዋንጫዎችን በተከታታይ ካነሣ በኋላ ከሜዳ ተሰናበተ።

አጭሩ የመሀል ተጫዋች ለምን ተሳካለት?

መልሱ በከፊል በጨዋታ ደንብ ልዩነት ውስጥ ይገኛል። በኤን.ቢ.ኤ አንድ ተከላካይ የሚጠብቀው ሰው በአጠገቡ ሳይኖር በቅርጫቱ ፊት ባለው ክልል ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊባ፣ ደንብ ግን ይህ ክልከላ የለም። ኳሷ የቅርጫቱን ቀለበት ከነካች በኋላም ማንኛውም ተጫዋች ሊመታት ይችላል። ስለዚህ በአውሮፓ ሜዳው ይጠብባል፤ ተከላካዮች ተደጋግፈው ይቆማሉ። አንድ ለአንድ ከሚደረግ ትግል ይልቅ የቡድን መናበብ ይበልጣል። ጨዋታውም 48 ሳይሆን 40 ደቂቃ ስለሆነ እያንዳንዱ ኳስ ዋጋዋ ከፍ ይላል።

የሃይንስ ችሎታ ለዚህ ሜዳ የተመቸ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ጉልበቱ ብርቱ ስለሆነ ከእርሱ በ10ና በ15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙትን ከቅርጫቱ ያርቃቸዋል። እግሩ ፈጣን በመሆኑም ኳስ የሚያቀብሉትን ቀልጣፋ አጫጭር ተጫዋቾች ተከትሎ መከላከል ይችላል። ተጋጣሚ ቡድን አንድ ተጫዋቹን እንደ ግድግዳ አቁሞ ተከላካዩን ለማምለጥ ሲሞክር፣ ሃይንስ ሰው ተቀያይሮ መጠበቅ ስለሚችል ዘዴው ይከሽፋል። በወጣትነቱ ጉድለት የተባለው ቁመቱ ከዚህ ፍጥነት ጋር ሲጣመር ጥቅም ሆነ። ዛሬ ይህ ዓይነቱ መከላከል በኤን.ቢ.ኤም ሳይቀር የሚፈለግ ችሎታ ነው።

የባሕር ማዶ ውል እንዴት ይሠራል?

የውጭ ተጫዋች ውል ብዙውን ጊዜ የአንድ የውድድር ዓመት ነው። ተጫዋቹ በክረምቱ መጨረሻ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ወይም ሰኔ ይመለሳል። በአውሮፓ የተለመደው ውል ደመወዙን ከግብር በኋላ በሚደርሰው የተጣራ መጠን ያሰፍራል። ከዚህም ሌላ ክለቡ መኖሪያ ቤት፣ መኪናና የአውሮፕላን ትኬት ያቀርባል። ውሉን የሚዋዋለው በፈቃድ የሚሠራ ወኪል ነው።

ከክለብ ወደ ክለብ በአገሮች መካከል ለመዛወር የቀድሞው አገር ፌዴሬሽን የሚሰጠው የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ያለዚህ ሰነድ አዲሱ ክለብ ተጫዋቹን ማስመዝገብ አይችልም።

የዚህ ሙያ ትልቁ ስጋት ደመወዝ መዘግየትና መቅረት ነው። ክለቡ ቢከስር ወይም ተጫዋቹ ቢጎዳ፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር ፍርድ ቤት መሟገት ለአንድ ባዕድ ሰው እጅግ ከባድ ነው። ይህን ችግር ለመፍታት ፊባ በ2007 መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገ የግልግል ዳኝነት አካል አቋቋመ። ዳኝነቱ ጉዳዩን በዋናነት በጽሑፍ ይመለከታል፤ ከአንድ አገር ሕግ ይልቅ በውሉና በርትዕ ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። ውሳኔውን የማይፈጽም ክለብ አዲስ የውጭ ተጫዋቾችን እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል። ይሁንና ተጫዋቹ ወደዚህ አካል ለመድረስ በውሉ ውስጥ የግልግል ዳኝነቱን የሚጠቅስ አንቀጽ ሊኖር ይገባል። አንቀጹ የሌለበትን ውል የፈረመ ተጫዋች ይህን በር በገዛ እጁ ይዘጋል። በባዕድ አገር በውል ለሚሠራ ማንኛውም ሰው ከመፈረም በፊት ውሉን ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

ከሃይንስ በፊት የነበሩ

አሜሪካውያን በአውሮፓ ሜዳዎች መታየት የጀመሩት ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። በኋላ ኒው ጀርሲን በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የወከለው ቢል ብራድሊ፣ በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ለሚላን ተጫውቶ በ1966 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። በአሜሪካ የተወለደው ክሊፎርድ ሉይክ የስፔን ዜግነት ወስዶ ከሪያል ማድሪድ ጋር ስድስት የአውሮፓ ዋንጫዎችን አንሥቷል። የ1975 የኤን.ቢ.ኤ ኮከብ ተጫዋች ቦብ ማካዱም በሥራ ዘመኑ ማብቂያ ወደ ሚላን ሄዶ በ1987ና በ1988 የአውሮፓን ዋንጫ ወስዷል።

እነዚህ ሰዎች የሄዱበት ምክንያት ይለያያል። ብራድሊ ተማሪ ነበር፤ ማካዱ በአገሩ ሁሉን ያሳካ አንጋፋ ነበር። የሃይንስ መንገድ የሚለየው ከመጀመሪያው ውል እስከ መጨረሻው ድረስ ሙሉ በሙሉ ከአገሩ ውጭ የተጻፈ በመሆኑ ነው።

ውድድሩ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲመጣ

ሃይንስ የተጫወተበት ዩሮሊግ አሁን ከዚህ አካባቢ ነዋሪዎች ሩቅ አይደለም። በግንቦት 2025 የውድድሩ የመጨረሻዎቹ አራት ጨዋታዎች በአቡ ዳቢ ያስ ደሴት በሚገኘው ኢትሃድ አሬና ተካሂደዋል፤ ይህም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በፍጻሜው ፌነርባቼ ሞናኮን 81 ለ70 አሸንፏል። የመጨረሻዎቹ አራት ጨዋታዎች ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ናይጀል ሄይስ ዴቪስም አሜሪካዊ ሲሆን፣ እንደ ሃይንስ ሁሉ በኤን.ቢ.ኤ ምርጫ ስሙ ሳይጠራ የቀረ፣ ከዚያም በቱርክ፣ በሊትዌኒያና በስፔን ክለቦች አልፎ የወጣ ተጫዋች ነው። ከዚህ ድል በኋላ የኤን.ቢ.ኤው ፊኒክስ ክለብ አስፈርሞታል። የዱባይ ቅርጫት ኳስ ክለብ ደግሞ ከ2025–26 የውድድር ዓመት ጀምሮ በዩሮሊግ ውስጥ ይወዳደራል።

በአቡ ዳቢ የታየው ይህ ድል ከአሜሪካ ውጭ ያለው መንገድ ሁለት አቅጣጫ እንዳለው ያረጋግጣል። አንዳንዱ ተጫዋች በባሕር ማዶ ስም አትርፎ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ እንደ ሃይንስ እዚያው ሥር ሰዶ ይቀራል። በ2008 ከ60 ስሞች አንዱ መሆን ያልቻለው ተጫዋች በ2024 ከሜዳ ሲሰናበት፣ አራት የዩሮሊግ ዋንጫዎችንና በአራት አገሮች የተገኙ የሊግ ድሎችን ይዞ ነበር።